50 ኪሎው ሄደ፣ ቆዳው ቀረ

ከአንዲት አንባቢ የመጣ ደብዳቤ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ሲስተር። የድሬ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ። 37 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ በኦፕሬሽን ነው የተወለደችው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት 128 ኪሎ ነበርኩ። ‹ስኳር ሊይዝሽ ጫፍ ላይ ነሽ› ሲሉኝ ደነገጥኩና ለስላሳና ዳቦ አቆምኩ። ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ መራመድ ጀመርኩ። ዛሬ 78 ነኝ። ያየኝ ሁሉ ማሻአላህ ይለኛል። ልብሴን ሳወልቅ ግን ሌላ ነው። የሆዴ ቆዳ ታፋዬ ላይ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት እንደ ነጠላ አጣጥፌ ሱሪ ውስጥ እከተዋለሁ። በሙቀቱ ከሥሩ ይላጣል፣ ይሸታል። መሀሉ ጨርቅ ካላደረግኩ ሱቅ መዋል አልችልም። ባጃጅ ጉድጓድ ሲገባ በእጄ ደግፌ ነው የምይዘው።

ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ሰው ቱርክ ልላክሽ ይለኛል። ሆድ፣ ክንድ፣ ጡት፣ ታፋ በአንድ ቀን ተሠርቶ በአሥር ቀን ድሬ ትገቢያለሽ ብሎኛል። የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ስለሆነ ኅዳር ላይ ልሠራው አሰብኩ። እናቴ ስትሰማ ‹ለቁንጅና ብለሽ ልጆችሽን ያለ እናት ልታስቀሪ ነው?› ብላ አለቀሰች። እውነት ያን ያህል ያስፈራል? ኪሎዬ አሁንም በወር አንድ አንድ እያለ እየቀነሰ ነው። ሲጋራ አላጨስም፤ እሑድ እሑድ ግን ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ልጅ እንጨምር ይላል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣

አንቺ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። ድሬ ተወልዶ አንቱታ የሚያበዛ ሰው ትንሽ ያጠራጥረኛል። እኔም ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ግን፣ 50 ኪሎ! አንድ ጆንያ ስኳር እኮ ነው። ሱቅ የምትውይ ሰው ነሽ፤ ተሸካሚው ያንን ከጋሪ ሲያወርድ እንዴት እንደሚያቃስት ታውቂያለሽ። ያንን ነው ከጉልበትሽ ላይ ያወረድሽው።

ቆዳው የቀረው ደግሞ አንቺ ስለሰነፍሽ አይደለም። ቆዳ ለዓመታት ሲለጠጥ ውስጡ ያሉት እንደ ላስቲክ የሚያገለግሉ ክሮች ይበጣጠሳሉ። ስቡ ሲሄድ ቆዳውን የሚሰበስበው ነገር የለም። ላስቲኩ የረገበ ቀሚስ ብታጥቢውም ብትተኩሺውም አይጠብም፤ እንደዚያ ነው። ጂም ጡንቻ ይሠራል እንጂ ቆዳ አያሳጥርም። ክሬሙም፣ ቅባቱም፣ ሆድ ላይ የሚጠመጠመው ፌስታልም ያው ነው። እንዲህ ከወረደ በኋላ የሚያነሳው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በዚህ በኩል ደላላው አልዋሸሽም።

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው፦ ሊሠራ ይችላል። በዚህ ኅዳር ግን አይሆንም፤ በዚያ ሰውዬም በኩል አይሆንም።

ለእናትሽ ንገሪያት። ከሥሩ የሚላጥ፣ ፈንገስ የሚያበቅል፣ ሥራ የሚያስፈታ ቆዳ የቁንጅና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሐኪሞችም ለቀዶ ሕክምናው እንደ በቂ ምክንያት ያዩታል። የእሷን እንባ ግን የድሮ ሰው ነገር ብለሽ አትለፊው። እኔ ሃያ ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው የሚፈራው ኦፕሬሽን ክፍሉን ነው፤ ማደንዘዣውን፣ ቢላውን። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ስድስት ወርም።

ነገሩ ይሄን ይመስላል። ሆድሽ ከአንዱ ዳሌ አጥንት እስከ ሌላው፣ ከፓንት መስመር በታች ይቀደዳል። ቆዳውና ሥሩ ያለው ስብ ከጡንቻው ላይ እስከ ጎድን አጥንት ድረስ ይነሳል። የላላው ጡንቻ መሀል ለመሀል ይሰፋል። ከዚያ ቆዳው ወደ ታች ተስቦ ትርፉ ይቆረጣል። እምብርትሽ ባለበት ይቀርና ቆዳው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይወጣለታል። ከዚህ ቀለል ያለም አለ፤ ጡንቻው ሳይነካ የተንጠለጠለው ብቻ ተቆርጦ የሚሰፋ። እንደ መጀመሪያው ሆድሽ ለጥ አይልም፤ መላጡ ግን ይቀርልሻል። ስለ ሁለቱም ጠይቂ።

ቆዳውን በጠባሳ ለውጠሽ ነው የምትወጪው። ረጅም ጠባሳ። የኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም አብጦ የሚያድግ ጠባሳ፣ ይወዳል። ለዚህ በእጅሽ ምስክር አለሽ፤ ትንሿን ልጅሽን የወለድሽበትን የኦፕሬሽን ጠባሳ መስታወት ላይ እዪው። ቀጭን መስመር ሆኖ ከቀረ ጥሩ ምልክት ነው። ያበጠ፣ የጠነከረ፣ የሚያሳክክ ገመድ ከሆነ ግን ከዳሌ እስከ ዳሌ እንዲያ ሊሆን እንደሚችል ቁጠሪው። ሰርጀኑ ሳይጠይቅሽ አሳዪው። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳም ለወራት ይደነዝዛል፤ አንዳንዴ እንደደነዘዘ ይቀራል። አንዷ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ሆዷ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ቆዳዋ አረፋ አውጥቷል። አልተሰማትም።

አሁን ከሁሉ የሚያዘወትረው ችግር። ቆዳው ከሥሩ ሲላቀቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ ሰውነት ደግሞ ክፍተቱን ውኃ ይሞላዋል። ሴሮማ ይሉታል። ለዚህ ነው ከሆድሽ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሮማን የሚያህል የፕላስቲክ ኳስ የሚንጠለጠለው። ጠዋትና ማታ ትከፍቺዋለሽ፣ ትለኪዋለሽ፣ ደብተር ላይ ትጽፊዋለሽ፣ አየሩን ጨምቀሽ አውጥተሽ ትዘጊዋለሽ። መጀመሪያ ደም ይመስላል፤ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ የገለባ ቀለም ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚነቀለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው። አንድ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ሦስትም ሊፈጅ ይችላል። ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ ከሞላ በመርፌ ይቀዳል። አንዳንዷ ላይ አንዴ ይበቃል፤ አንዳንዷ በየሳምንቱ ትመላለሳለች። አሥር ቀን ያለሽ ሰውዬ ይሄን ደብተር አይቶ አያውቅም። ድሬ ገብተሽ ሆድሽ እንደ እርኮት ውኃ ሲንቦጫረቅ ማን ይቀዳልሽ?

ቁስሉም አለ። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ቁስሉ እንደ ሌላው ቶሎ አይገጥምም። አንዱ ምክንያት ምግብ ነው። ከስቡ ጋር ፕሮቲንም፣ ብረትም፣ ቢ12ም አብረው ሊወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከአሁኑ ተመርመሪ፦ ሄሞግሎቢን፣ አልቡሚን፣ ቢ12፣ የሦስት ወሩ ስኳር። ዳቦውን ማቆምሽ ጥሩ አደረግሽ። እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ሥጋውን፣ የግመል ወተቱን ግን እንዳትቀንሺ። በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፤ ሒሳብ ለነጋዴ አላስተምርም። ሻሂውን ደግሞ ከምግብ ላይ አንሺው፤ ብረቱ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ያደርጋል። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን፣ ቁስልሽ በሚገጥምበት ወራት ላይ የሚውል ከሆነ አስቀድመሽ ተነጋገሪበት። ከሐኪሙም፣ ከሃይማኖት አባትሽም።

ጫቱ ላይ ደርሰናል። አቦ፣ ድሬ ተቀምጦ ይሄን መጻፍ ቀላል አይደለም። ግን ስሚኝ።

ሲጋራ አላጨስም ብለሻል። የምትቅሚበት ክፍል ውስጥስ የሚያጨስ የለም? ሺሻስ አይመጣም? ኒኮቲን የቆዳን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባል። የተነሳው ቆዳሽ ደግሞ የሚኖረው በተረፉለት ጥቂት የደም ሥሮች ነው። አንድ ጎልማሳ አስታምሜ ነበር። «አላጨስም» ብሎ ፈርሟል። ሺሻ ለሱ ማጨስ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። በአራተኛው ቀን ፋሻውን ስገልጥ ከእምብርቱ በታች መዳፌን የሚያህል ቦታ ጠቁሯል። ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ያ ቆዳ ሞቷል። ተቆርጦ ወጣ፤ ጉድጓዱ ከታች ወደ ላይ ሥጋ እስኪሞላ ድረስ ሁለት ወር ተኩል ቁስል አጠብኩለት። ሺሻው ምን እንዳደረገው ያመነው ያኔ ነው።

ጫቱ ራሱስ? ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚሉት አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው። ልብ ያስሮጣል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ የደም ሥር ያጠባል። ማደንዘዣ የሚሰጥሽ ባለሙያ ይሄን አውቆ ነው መዘጋጀት ያለበት። ስለዚህ ሲጠይቁሽ «አልፎ አልፎ» ብለሽ አታድበስብሺ። ደግሞ ጫት ሆድ ያደርቃል። አዲስ የተሰፋ የሆድ ጡንቻ ይዘሽ ሽንት ቤት ስታምጪ አስቢው። ሲጋራም፣ ሺሻም፣ ጭሳቸውም ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም፤ ከኦፕሬሽኑ በኋላም አራት ሳምንት። ጫቱም አብሮ ይቁም። በዋዜማው መተው መተው አይባልም።

እናትሽ ስሙን ሳታውቀው የፈራችው ግን ይሄኛውን ነው፤ የደም መርጋት። ሰው ብዙ ሰዓት በጀርባው ሲተኛ፣ ከዚያም ሕመም ፈርቶ ከአልጋ ሳይወርድ ሲቀር፣ ባት ውስጥ ያለው ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነስቶ ሳንባ ከዘጋ በደቂቃዎች ይገድላል። በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ሲያጋጥም ግን ፋታ አይሰጥም። ለዚህ ነው እኛ ነርሶች በዚያው ማታ ጎንበስ ብለሽም ቢሆን ተነሺ፣ ተራመጂ እያልን የምንጨቀጭቀው። እግር የሚጨምቅ ካልሲ የሚደረገው፣ ደም እንዳይረጋ ሆድ ወይም ክንድ ላይ መርፌ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ፤ አንዳንዱ ኪኒን የመርጋቱን ዕድል ይጨምራል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ለግፊት እያልሽ የምትበይው ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን ይነገር፤ እነሱ ደግሞ በተቃራኒው ደም ያፈሳሉ።

ይሄን አንድ ነገር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ማቀዝቀዣሽ ላይ ለጥፊው። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ካሳለሽ፣ ነገ አይባልም። በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ይሄ ዕድል ከሆስፒታል ከወጣሽ በኋላም ለሳምንታት አብሮሽ ይቆያል።

እስቲ አሁን የደላላውን ቃል መልሰሽ አንብቢው። ሆድ፣ ክንድ፣ ጡት፣ ታፋ በአንድ ቀን። ስንት ሰዓት ማደንዘዣ ነው? ስንት ደም ይፈሳል? ክንድሽም ተሰፍቶ፣ ታፋሽም ተሰፍቶ፣ ሆድሽም ተሰፍቶ ምንሽን ተደግፈሽ ነው ከአልጋ የምትነሺው? ጥንቁቅ ሰርጀን በየተራ ነው የሚሠራው፤ በመሀሉም ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጣል። ያ ሰውዬ ግን በአሥረኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ያወጣሻል። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ አምስት ሰዓት የሚያልፍ በረራ ነው፤ ከዚያ ድሬ። እግር አጥፎ መቀመጥ፣ ደም መርጋት፣ ከላይ የጻፍኩልሽን ሁሉ አያይዢው።

ቱርክ ጎበዝ ሰርጀን የለም አላልኩም፤ ሞልቷል። ችግሩ ሰርጀኑ እዚያ፣ ቁስሉ እዚህ መሆኑ ነው። ሌላ ሰው የሰፋውን ሆድ፣ ወረቀቱ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሆኖ ሲመጣበት፣ ደፍሮ የሚነካ ሐኪም ጥቂት ነው። አትፍረጂበትም።

እኔ ብሆን አዲስ አበባ ነበር የምሄደው። ፕላስቲክ ሰርጀኖቻችን በብዛት ያሉት እዚያ ነው፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ሄዶ ተሠርቶ መመለስ አይደለም። ቱቦው እስኪነቀልና ሐኪሙ ሂጂ እስኪልሽ ድረስ ዘመድ ቤት ለሦስት ሳምንት የሚሆን አልጋ አዘጋጂ። ስትገቢ በቀጥታ ጠይቂው። ብዙ ኪሎ ቀንሶ የመጣ ሰው ስንት ሠርተሃል? ማደንዘዣ የሚሰጠኝ ማን ነው? ሆስፒታሉ ደምና የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለው? ደም እንዳይረጋብኝ ምን ታደርግልኛለህ? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፋሻው በደም ቢርስ የምደውለው ለማን ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚቆጣ ካለ ቦርሳሽን አንሺ።

እና ጥርን እርሺው። ኪሎሽ ገና እየወረደ ነው ብለሻል። ዛሬ የተሰፋው በአምስት ወር ሌላ አምስት ኪሎ ስትቀንሺ እንደገና ይረግባል። ቢያንስ ስድስት ወር አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ደግሞ ኅዳር ተሠርቶ ጥር ላይ ቆንጆ ቀሚስ አይለበስም። እብጠቱ ወራት ይፈጃል። የሆድሽ ትክክለኛ ቅርጽ የሚታየው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው፤ ጠባሳው የሚደበዝዘውም ዓመት ካለፈው በኋላ። ሰርግ ቤት ደግሞ ድስት አታነሺ? ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም እያልን አንዷ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ውኃ መጣ ሲባል 20 ሊትር ጀሪካን አነሳች። «ደህና ነበርኩ እኮ» እያለች ነው ደም በደም ሆና የመጣችው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ መጀመሪያ እሱ ጋር ጨርሺ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ማርገዝ ይቻላል፤ ግን የተሰፋው ጡንቻ ይላላል፣ ቆዳውም ይለጠጣል፣ ገንዘቡም ሕመሙም ከንቱ ይሆናል። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ልጁ ይቅደም። አንቺ የማትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ይሄን ኦፕሬሽን መከራከሪያ አታድርጊው፤ አልፈልግም በዪ።

እስከዚያው ለመላጡ። ማታ በለስላሳ ሳሙና ታጥበሽ ከሥሩ በደንብ አድርቂው፤ ፎጣ አትሺበት፣ ተጫኚው። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ በላብ በራሰ ቁጥር ቀይሪው። ቀልቶ፣ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ብጉንጅ ካወጣ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነውና ጤና ባለሙያ አይቶ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት ይስጥሽ። የመድኃኒት መደብር ሰው ያለሽን ሁሉ አትቀቢ። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለሁለት ቀን ያስታግስና ቆዳውን ያሳሳዋል፤ በኋላ ደግሞ የሚሰፋው ያው ቆዳ ነው። ሆድ የሚደግፍ ሰፊ መቀነት ግዢ፤ ለባጃጁም፣ ለሰርጉም ይሆንሻል።

ኦፕሬሽኑን የማስበው ለሚመጣው ዓመት ኅዳር ነው። ድሬ የምትበርደው ያኔ ነው። የሚጨምቀውን ቀበቶ ስድስት ሳምንት ሌት ተቀን ለብሶ ግንቦትንና ሰኔን ማሳለፍ ለጠላትም አልመኝም።

አሁን አንድ ደብተር ግዢ። ወር በገባ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ተመዘኚና ጻፊ። ስድስት ቁጥር ተከታትሎ ሳይርቅ ሲቀመጥልሽ ደብተሩንና የደም ምርመራውን ይዘሽ ሰርጀኑ ጋ ሂጂ። እናትሽንም ውሰጃት። እሷም የምትጠይቀው አላት።